796 ጁል የት ገባ?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሳልጽፈው የማላልፍ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። 10 ግራም የምትመዝን ጥይት በገመድ ወደ ተንጠለጠለ ግንድ ትተኮሳለች፤ እዚያው ተሰክታ ትቀራለች። ግንዱና ጥይቷ አንድ ላይ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ተያይዘው ይወዛወዙና 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላሉ። ጥይቷ ስትመጣ ፍጥነቷ ስንት ነበር?

ፈጣን የሚባሉት ተማሪዎች ጥያቄውን በአንድ መስመር ይጨርሱታል። የስበትን መጠን በ10 ብንይዘው፣ 2 ኪሎ ግራም ነገር 20 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ የሚያገኘው ኢነርጂ 4 ጁል ነው። ኢነርጂ አይጠፋም፤ እንግዲያው ጥይቷም ስትመጣ የነበራት 4 ጁል ነው፤ ፍጥነቷም በሰከንድ 28 ሜትር። ይህ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ፍጥነት እንጂ የጥይት አይደለም። ትክክለኛው መልስ በሰከንድ 400 ሜትር ነው። ይህን ስነግራቸው የሚነሣው ሙግት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብለውን የለ እንዴ?»

ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ይህ ሙግት ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። የአውሮፓ ታላላቅ አዋቂዎች ከ1644 እስከ 1847 ድረስ፣ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ፣ ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው። ጥያቄው ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ተማሪ የትኛው ሕግ የት እንደሚሠራ መሸምደድ አያስፈልገውም ብዬ ስለማምን እነሆ ልተርከው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የጀመረው ፈረንሳዊው ረኔ ዴካርት ነው። በ1644 ባሳተመው የፍልስፍና መጽሐፉ እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር የተወሰነ መጠን ያለው እንቅስቃሴ ሰጥቷታል፤ ያም መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም አለ። መጠኑን የሚለካው የነገሩን ትልቅነት በፍጥነቱ አባዝቶ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ በግጭት ጊዜ የሚለዋወጠው ነገር ብዙ ቢሆንም ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ሒሳብ አለ የሚለው እምነት ከእርሱ ወዲህ አልተነቀለም። ጉድለቱ አቅጣጫን ከሒሳቡ ማስወጣቱ ነው። ወደ ቀኝ የሚሄደውንም ወደ ግራ የሚሄደውንም አንድ ላይ ይደምራል።

ከዚህ ተነሥቶ ሰባት የግጭት ደንቦችን አወጣ። አራተኛው ደንብ ትንሽ አካል የቆመ ትልቅ አካልን ቢመታ፣ ፍጥነቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ትልቁን ንቅንቅ ሊያደርገው አይችልም፤ ራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል ይላል። ብይ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ይህ ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ዴካርትም ደንቦቹ የሚታየውን ነገር እንደማይመስሉ ሳይሰማው አልቀረም፤ ደንቦቹ የሚሠሩት ፍጹም ጠንካራ ለሆኑና በዙሪያቸው ምንም ለማይነካቸው አካላት ነው ብሎ ተከላከለላቸው።

ደንቦቹን ያፈረሳቸው በዚያው ቤት ያደገ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ክርስቲያን ሃይገንስ በ1629 ዘ ሄግ ከተማ ሲወለድ አባቱ የዴካርት ወዳጅ ነበር። ልጁ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ደንቦቹን ይጠረጥር ጀመር። የሒሳብ መምህሩ ቫን ስኾተን አጥባቂ የዴካርት ተከታይ ስለነበር ነገሩን አልወደደውም። ሃይገንስ ግን በ1656 ገደማ ስለ ግጭት የጻፈውን ጨርሶ ነበር። ጽሑፉ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1703፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ዘዴውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አገሩ የውኃ ቦዮች አገር ነው፤ ጀልባ በቦዩ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሃይገንስ ጀልባው ላይ አንድ ሰው ያቆምና በሁለት እጁ ሁለት እኩል ኳሶችን በክር አንጠልጥሎ በእኩል ፍጥነት ያጋጫቸዋል። ኳሶቹ በመጡበት ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። አሁን ጀልባው ኳሶቹ በሚሄዱበት በዚያው ፍጥነት ይሂድ። ዳር የቆመው ሰው ምን ያያል? አንደኛው ኳስ ለእርሱ ቆሟል፤ ሌላኛው በእጥፍ ፍጥነት ይመጣል። ከግጭቱ በኋላ የመጣው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የቆመው በእጥፍ ፍጥነት ይሄዳል። ግጭቱ አንድ ነው፤ የተለየው ተመልካቹ ብቻ ነው። የመስታወት ብይ ሌላ እኩያውን በትክክል መሐሉን ሲመታው መቺው ባለበት ቀርቶ ተመቺው የሚፈተለክበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሃይገንስ በዚህ መንገድ ሄዶ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ የዴካርት መጠን የሚጸናው አቅጣጫ ሲገባበት፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው በመደመር ወደ ግራ የሚሄደው በመቀነስ ሲያዝ ነው። ዛሬ ሞመንተም የምንለው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ኳሶች ተጋጭተው ሲነጣጠሉ የእያንዳንዳቸው ክብደት በፍጥነቱ፣ ያም እንደገና በፍጥነቱ ተባዝቶ ቢደመር፣ ድምሩ ከግጭቱ በፊትና በኋላ አንድ ነው። ለእርሱ ይህ ሁለተኛው ከሒሳቡ የወጣ ደስ የሚል ውጤት እንጂ የተፈጥሮ ምሰሶ አልነበረም።

በ1668 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ይህን የግጭት ነገር አንድ መላ እንበለው ብሎ ጥሪ አደረገ። ሦስት ሰዎች መልስ ላኩ፦ የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሊቅ ጆን ዋሊስ፣ በኋላ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬንና በዚያን ጊዜ ፓሪስ ይኖር የነበረው ሃይገንስ። በጥር 1669 የማኅበሩ መጽሔት የዋሊስንና የሬንን አትሞ የሃይገንስን አስቀረው። ሃይገንስ ተቆጥቶ ጽሑፉን በመጋቢት ፓሪስ ውስጥ አሳተመ፤ የለንደኑ መጽሔት ያወጣለት በሚያዝያ ነው። ከቅሬታው ይልቅ የሚያስደንቀው ግን መልሶቹን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ነው። ሬንና ሃይገንስ ስለሚነጥሩ ኳሶች ጽፈዋል። ዋሊስ የጻፈው ሲጋጩ ተጣብቀው ስለሚቀሩ አካላት ነው። በዋሊስ ግጭት ሞመንተም ይጸናል፤ የሃይገንስ ሁለተኛ ድምር ግን አይጸናም። ሁለት እኩል የጭቃ ድቡልቡሎች በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ቢላተሙ ተጣብቀው ይቆማሉ። ቀድሞ የነበረው ድምር የት ገባ? ጥያቄው በዚያ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ማንም በቅጡ አላነሣውም።

አይዛክ ኒውተን በ1687 መጽሐፉ ላይ ነገሩን በመለኪያ አቀረበው። 10 ጫማ በሚረዝም ክር የተንጠለጠሉ ኳሶችን እያጋጨ፣ የአየሩን መጎተት ሳይቀር እያሰበ፣ ኳሶቹ ሲቀራረቡ ከነበራቸው ፍጥነት ሲለያዩ ስንት እጁ እንደሚተርፍ ለካ። ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ሱፍ ከ9 እጅ 5ቱን ይመልሳል፤ ብረት ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ መስታወት ከ16 እጅ 15ቱን። እኩል የሆኑ ሁለት የሱፍ ኳሶች ፊት ለፊት ተላትመው ሲመለሱ የሃይገንስ ድምር ከሲሶ በታች ይቀራል፤ የመስታወት ብይ ግን 88 በመቶውን ያተርፋል። ተማሪዎቼን ብይ ይዛችሁ ኑ የምላቸው ለዚህ ነበር። ቤተ ሙከራችን ባዶ ቢሆንም፣ ከጓሮ ያለ የልጆች መጫወቻ የኒውተንን ሠንጠረዥ የመጨረሻ መስመር ያሳያል።

ኒውተን የጎደለው ወዴት እንደሄደ አልተጨነቀም። እንቅስቃሴ በዓለም ውስጥ ሁልጊዜ እየተመናመነ የሚሄድ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። የተጨነቀው ጀርመናዊው ላይብኒዝ ነው። በመጋቢት 1686 ላይፕሲግ በሚታተም መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ ይህ ነው፦ 1 ፓውንድ የሚመዝን ነገርን 4 ክንድ ማንሣትና 4 ፓውንድ የሚመዝነውን 1 ክንድ ማንሣት እኩል ድካም ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲወድቁ እኩል ብርታት ሊኖራቸው ይገባል። ጋሊሊዮ እንዳስተማረው ግን ከ4 ክንድ የወደቀው የሚያገኘው ፍጥነት ከ1 ክንድ ከወደቀው አራት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ነው። በዴካርት ልክ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 4 ይሆናል፤ እኩል አይደሉም። ፍጥነቱን በራሱ ብናባዛው ግን 4 እና 4። ላይብኒዝ ይህን «ሕያው ኃይል» ብሎ ሰየመው፤ በተፈጥሮ ውስጥ የማይጠፋው እርሱ ነው አለ።

እዚህ ላይ ክርክሩ የአገር ክርክር ሆነ። እንግሊዞቹ ከኒውተን ወገን፣ ጀርመኖቹ ከላይብኒዝ ወገን፣ የፓሪስ አካዳሚ ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ለዴካርት መጠን ቆሙ። ሙግቱን ከወረቀት አውጥቶ ጭቃ ላይ ያሳረፈው የላይደን ዩኒቨርሲቲ መምህር ስኽራቨዛንደ ነው። እርሱ የኒውተን ደቀ መዝሙር ነበር፤ መጽሐፎቹም የኒውተንን ፊዚክስ በአውሮፓ ያስፋፉ ናቸው። በ1722 መጠናቸው እኩል፣ ክብደታቸው የተለያየ የነሐስ ኳሶችን ለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ ከተለያየ ከፍታ ጣለ። ክብደቱ ሦስት እጥፍ የሆነው ኳስ ከሲሶው ከፍታ ሲወድቅ ከቀላሉ ጋር እኩል ጉድጓድ ቆፈረ። ጉድጓዱ የሚከተለው የላይብኒዝን ልክ ነው። ጣሊያናዊው ፖሌኒ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞራ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። ስኽራቨዛንደ የወገኑን አቋም ትቶ ያየውን አሳተመ።

ይህን ሙከራ ክፍል ውስጥ ማሳየት ርካሽ ነው። ከገበያ ከሸክላ ሠሪዎች የሚገኝ ጭቃ በደንብ ይታሻል፤ በሳህን ላይ ይደለደላል። ከጋራዥ የተጣለ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ተሰብሮ ትልቁ የብረት ኳስ ይወጣል። ኳሱ መጀመሪያ ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ ከ1 ሜትር ይለቀቃል። ሁለተኛው ጭቃው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ተማሪዎቹ ሁለቱን ጉድጓዶች መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውኃ እየሞሉ ይለኳቸዋል። ትልቁ ጉድጓድ የሚጠጣው የትንሹን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነት በራሱ የሚባዛበት ምክንያት ከቀመርነት ወጥቶ በዓይን የሚታይ ነገር ይሆናል።

የጭቃውን ማስረጃ ፓሪስ ውስጥ ሳትፈራ የተሟገተችለት ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ናት። በ1740 ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከላይብኒዝ ልክ ጋር ቆመች፤ የሳይንስ አካዳሚው ጸሐፊ ሜራን በ1741 በታተመ ደብዳቤ ሲመልስላት እርሷም በዚያው ዓመት በጽሑፍ መለሰችለት። ይህች ሴት ላይብኒዝን ስለደገፈች ኒውተንን የጠላች አትምሰላችሁ፤ የኒውተንን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመችው እርሷ ናት፤ ትርጉሙም ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ በ1759 ወጣ። ሁለቱን ወገን አስታርቆ በአንድ ጭንቅላት መያዝ እንደሚቻል አሳየች።

ሁለቱም ልኮች፣ ሞመንተምም ሕያው ኃይልም፣ ትክክል ናቸው። የግጭትን ውስጥ ብናይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥይቷ ግንዱን ስትገፋ ግንዱም ጥይቷን በዚያው ኃይል ይገፋታል፤ የሚገፋፉበት ጊዜም ለሁለቱም አንድ ነው። ኃይል በጊዜ ሲባዛ የሞመንተም ለውጥ ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዱ ያጣውን ሌላው በትክክል ያገኛል። ውስጥ ምን እንደተሰባበረ ማወቅ አያስፈልግም። ከላይብኒዝ ልክ የመጣው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን የሚለካው ኃይል በርቀት ሲባዛ ነው፤ ርቀቱ ደግሞ ለሁለቱ እኩል አይደለም። ግንዱ በጭንቅ ፈቀቅ ሲል ጥይቷ እርሱ የሄደውን ርቀት ሄዳ ከዚያ በላይ እንጨቱን ቦርቡራ ትገባለች። የርቀቱ ልዩነት የቀዳዳው ጥልቀት ነው። የጎደለው ኢነርጂም ኃይሉ በቀዳዳው ጥልቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

የጥይትና የግንድ ጥያቄ ራሱ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው የመድፍ መጽሐፍ ላይ ከባድ ፔንዱለም አንጠልጥሎ የጠመንጃ ጥይት ተኮሰበት። ፔንዱለሙ ምን ያህል እንደተወዛወዘ የሚስበውን ጥብጣብ ርዝመት አይቶ ለካ። ከዋሊስ ዓይነት የመጣበቅ ግጭት ተነሥቶ አስልቶ የጥይቱን ፍጥነት በሰከንድ ከ1,600 ጫማ በላይ፣ ማለትም 500 ሜትር ገደማ አገኘው። የአየር መጎተትም ጠመንጃ ዐዋቂዎች ከሚያስቡት እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ታላቁ ሒሳበኛ ኦይለር መጽሐፉን በ1745 በጀርመንኛ ተርጉሞ ሰፊ ማብራሪያ ጨመረበት።

የሮቢንስ ስሌት ሁለት እርከን ነበረው፤ የእኛም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው እርከን ጥይቷ ትሰካለች፤ እዚህ የሚታመነው ሞመንተም ብቻ ነው። በሁለተኛው ግንዱ ይወጣል፤ የሚሰበር ስለሌለ እዚህ ኢነርጂ ይጸናል። ከኋላ ወደ ፊት እንሂድ። 20 ሳንቲ ሜትር የወጣ ነገር ሲነሣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ነበር። 2 ኪሎ ግራም በ2 ሲባዛ 4፤ ይህ ሁሉ ሞመንተም ከ10 ግራሟ ጥይት የመጣ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቷ 400። አሁን ኢነርጂውን እንቁጠር። ጥይቷ ይዛ የመጣችው 800 ጁል ነበር፤ ግንዱ ይዞ የተነሣው 4 ጁል ብቻ ነው። የጎደለው 796 ጁል ነው። ቀዳዳው 10 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ፣ እንጨቱ ጥይቷን የያዘበት አማካይ ኃይል 8,000 ኒውተን ገደማ ነበር ማለት ነው። ኢነርጂ አይጠፋም የሚለው ሕግ አልተሻረም፤ እንዲያውም ያልታየውን ኃይል አስገኘልን።

ላይብኒዝ ይህን ገምቶት ነበር። ከኒውተን ወዳጅ ከክላርክ ጋር በደብዳቤ ሲከራከር፣ በ1716፣ ለስላሳ አካላት ሲጋጩ የጠፋ የሚመስለው ኃይል በጥቃቅን ክፍሎቻቸው ውስጥ ተበትኗል፤ ትልቅ ገንዘብ ወደ ዝርዝር እንደሚመነዘር ነው አለ። ምሳሌው ውብ ነው፤ ችግሩ ዝርዝሩን የሚቆጥርለት አለመኖሩ ነው። ቆጣሪው የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሐኪሙ ማየር በ1842፣ የማንችስተር አካባቢ የጠማቂ ልጅ የሆነው ጁል በ1840ዎቹ በተከታታይ ሙከራ፣ ሄልምሆልትዝ ደግሞ በ1847 በበርሊን ባቀረበው ጽሑፍ ሙቀትን በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ጁል በክብደት መውደቅ የሚሽከረከሩ መቅዘፊያዎች ውኃ ውስጥ አኑሮ በ1850 ቁጥሩን አሳተመ፦ 772 ፓውንድ አንድ ጫማ ሲወርድ 1 ፓውንድ ውኃ በ1 ዲግሪ ፋራናይት ይሞቃል። የዋሊስ ጭቃዎች ሲላተሙ የጎደለው ነገር በመጨረሻ አድራሻ አገኘ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አንድ ተማሪ «እንግዲህ በግጭት ላይ ኢነርጂን መንካት አያስፈልግም» ሊል ይችላል። በ1932 ካምብሪጅ ውስጥ የሆነው ነገር ይህን አይፈቅድለትም። ቤሪሊየም በአልፋ ቅንጣቶች ሲመታ የማይታይ ጨረር ያወጣ ነበር፤ ጨረሩ ሃይድሮጅን ካለበት ነገር ፕሮቶን ፈልቅቆ ያወጣል። ፓሪስ ያሉት ጆሊዮና ባለቤቱ ኢሬን ኩሪ ጋማ ጨረር ነው ብለው አሰቡ። ጄምስ ቻድዊክ ሒሳቡን ሠራው። ጋማ ከሆነ፣ ፕሮቶኑን በታየው ፍጥነት ለማስወጣት ከ50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ፣ ናይትሮጅንን ለማንቀሳቀስ ደግሞ 90 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ጨረር ሁለት የተለያየ ኢነርጂ ሊኖረው አይችልም።

ቻድዊክ ጨረሩን ቅንጣት አድርጎ ወስዶ ሞመንተምንም የእንቅስቃሴ ኢነርጂንም እኩል ጻፈ። የፕሮቶኑ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 33,000 ኪሎ ሜትር፣ የናይትሮጅኑ 4,700 ነው። ሁለቱን አካፍሉ፤ ውጤቱ 7 ገደማ ነው። ከሁለቱ እኩልታዎች እንደሚወጣው፣ የማይታወቀው ቅንጣት ክብደት ሲደመር 14፣ ክብደቱ ሲደመር 1 ለሚሆነው ሲካፈል 7 ይመጣል። ቻድዊክ 1.15 አገኘ፤ ከፕሮቶን ጋር እኩል ለማለት ይበቃል። ኒውትሮን የተገኘችው እንዲህ ነው፤ በ1935 ኖቤል አሸለመችው። የሠራባቸው እኩልታዎች የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቃቸው፣ ሃይገንስም ከእርሱ 270 ዓመት ገደማ ቀድሞ የጻፋቸው ናቸው። ቻድዊክ የኢነርጂውን እኩልታ በድፍረት የጻፈው ኒውትሮኗ ከኒውክሊየሱ ጋር ስትጋጭ እንደ ጭቃ የሚቦረቦር፣ እንደ እንጨት የሚግል ነገር የለም፤ ኳሶቹ ፍጹም ይነጥራሉ ብሎ ስለያዘ ነው።

እኛ ፈተና ስናወጣ የምንለካው ተማሪው ሁለቱን እኩልታዎች መፍታቱን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመጻፍ ማን ፈቀደልህ ብለን አንጠይቀውም። ለማስተማር የምትነሡ ወጣቶች፣ የግጭት ጥያቄ ስትሰጡ ለዚህ ፈቃድ የብቻው ማርክ መድቡለት። ከዴካርት እስከ ሄልምሆልትዝ የፈጀው ሁለት መቶ ዓመት የሄደው እኩልታውን በማስላት ሳይሆን በዚሁ ነው።